አፌ ሦስት ጣት እስኪያስገባ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤታችን የመንጋጋ ጥርሷን አስነቅላ መጥታ ልጠይቃት ገባሁ። ከአልጋዋ አጠገብ ሦስት ነገር ተደርድሯል፦ አንዷ ወዳጇ ያመጣችላት አረቄ፣ ሌላዋ የቀቀለችላት የጤና አዳም ውሃ፣ ልጇ ከመድኃኒት ቤት የገዛላት የአፍ መጉመጥመጫ። እሷ ጉንጯን በሻሽ አስራ በየትኛው ልጉመጥመጥ እያለች ትጨነቃለች። እኔ የአረቄውን ጠርሙስ አንስቼ ወደ በሩ ስሄድ "ምነው ጋሽ ይርጋ፣ ሊጠጡት ነው?" ብላ በግማሽ አፏ ሳቀች። መጠጣቱንስ አልጠላም። ግን ያን ጠርሙስ ከተነቀለ ጥርስ አጠገብ ሳየው ለምን እንደምደነግጥ ለእሷም፣ ነገ ጥርሱን ለሚያስነቅለውም ልንገር ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ደባርቅ ውስጥ በአንድ ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር። ዕድሜዬ ሠላሳ ሁለት ነው፣ ሚስቴ ትርንጎ ናት፣ ሁለት ልጆች አሉን። እናቴም ከእኛ ጋር ነበረች። ከትውልድ መንደራችን ከአምቢኮ ያመጣኋት ታላቅ ወንድሜ ታከለ ሲሞት ብቻዋን አልተዋትም ብዬ ነው። የታከለን አሟሟት ካልነገርኳችሁ የእኔ ፍርሃት አይገባችሁም። እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው እግሩን አገኘው። ቁስሉ ሊጠግግ ደርሶ ሳለ አንድ ቀን አፉ አልከፈት አለው። አገሬው መንጋጋ ቆልፍ ይለዋል። መልእክት ደርሶኝ የሁለት ቀን መንገድ በእግሬ ገስግሼ ስገባ ወንድሜ ጥርሱን ነክሷል፣ ወገቡ ተለጥጧል፣ ዓይኑ ብቻ ነው የሚያየኝ። እኔ በማንኪያ እጀታ ጥርሱን ልከፍት እታገላለሁ። እናቴ በጥርሱ ክፍተት ወተት ጠብ ጠብ ታደርግለታለች። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በማግስቱ አረፈ።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር በልቧ ያዘች። በጾም ወተት ስለሰጠሁት ነው እግዜር የወሰደብኝ አለች። የንስሐ አባታችን "ለታመመ ሰው ጾም አልተጣለበትም" ብለው ቢመክሯትም፣ ቢቆጧትም፣ አልሰማችም። በፍስክ ቀን እንኳ ወተት በአፏ አልዞረም። ቤታችን ውስጥ የዚያን በሽታ ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም። ልጆቼ ሳይቀሩ ያውቁ ነበር።

ወደ ጥርሴ ልመለስ። በግራ በኩል ከታች፣ መጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ ነው። ከጥምቀት ጀምሮ እየተነሳ እየተኛ ሲያሰቃየኝ ከርሞ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ፊቴን አሳበጠው። ዳባት ጤና ጣቢያ ጥርስ የሚነቅሉ አቶ ፈንታ የሚባሉ ሰው አሉ ተባለና ሄድኩ። አቶ ፈንታ ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት ናቸው፤ ሁላችንም ግን ዶክተር እንላቸዋለን። ማደንዘዣ ወጉኝና ሥራቸውን ጀመሩ። ጥርሱ በአንድ ጊዜ አልወጣም፤ ተሰባብሮ ነው የወጣው። ሲጨርሱ እሳቸውም እኔም በላብ ተጠምቀናል።

ጥጥ አስነክሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦ "ስማኝ ይርጋ። አሁን መንጋጋህ ላይ ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱን የሚጠብቅልህ እዚያው የሚረጋው ደም ነው። እሱ ክዳኑ ነው፤ ከተነሳ አጥንቱ ባዶውን ይቀራል። ዛሬ በምንም አትጉመጥመጥ። ከነገ ጀምረህ ለብ ባለ ውሃ ላይ ትንሽ ጨው ጨምርና በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በአፍህ ያዘው። እንትፍ እንዳትል። ራስህን ዘንበል አድርገህ ይፍሰስ። አረቄ ደግሞ ወደ አፍህ እንዳታስጠጋ።"

ጥጤን እንደነከስኩ ራሴን ነቀነቅኩ። ሰምቻለሁ ማለቴ ነው። መስማቱንስ ሰምቻለሁ።

ማታ ቤቴ ስደርስ የወፍጮው መካኒክ ጌጡ አረቄ ይዞ ሊጠይቀኝ መጥቷል። ጌጡ ደግ ሰው ነው፤ ሞተር ላይም እጁ ወርቅ ነው። ሞተር ማወቅ ሁሉን ማወቅ ይመስለዋል እንጂ። "ጨው ውሃ?" አለ። "ጨው ለወጥ ነው። ቁስል የሚያጥበው አረቄ ነው። ቆሻሻውን ካላወጣኸው ውስጡ ይከርምና ያመረቅዝብሃል።" ነገሩ እውነት መሰለኝ። ጨውና ውሃ የትም የሚገኝ ነገር ነው፤ የትም የሚገኝ ነገር መድኃኒት አይመስልም። አረቄው ግን ያቃጥላል፤ የሚያቃጥል ነገር ደግሞ ሥራ የሚሠራ ይመስላል። አንድ ጉንጭ ሞላሁና ከግራ ቀኝ አናወጥኩት፤ በሩ ላይ ቆሜም ባለ በሌለ ኃይሌ እንትፍ አልኩ። እንደ ጉበት ቁራጭ ያለ የረጋ ደም ጭቃው ላይ ወደቀ። "አየህ!" አለ ጌጡ፣ "ቆሻሻው ወጣልህ!" ሁለታችንም ደስ አለን። ደገምኩት።

ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለእኔ ነው።

በማግስቱ ፍልሰታ ገባ። ትርንጎ ጠዋት የጨው ውሃ አሙቃ በጣሳ አመጣችልኝ። እናቴ ለቅዳሴ ነጠላዋን አጣፍታ ልትወጣ ስትል አየችውና በሩ ላይ ቆመች።

"ውሃ በአፍህ ገብቶ ምን ጾም አለ?" አለችኝ።

"እማማ፣ ሐኪሙ ነው ያዘዘው፤ አይውጠውም እኮ" አለች ትርንጎ።

"አንቺ ልጅ፣ አንድ ልጅ ነው የቀረኝ" አለች እናቴ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ትርንጎ ጣሳውን አስቀመጠች፤ እኔም አላነሳሁትም። የእናቴን ዓይን ሳይ ልቤ አልችል አለ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ውስጤ ራሱ ፈርቶ ነበር። ወንድሜ በጾም ወተት ቀምሶ ሞተ፤ እኔስ በጾም ውሃ ብጉመጠመጥ? ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ፍርሃት ግን አውቃለሁ ብትለው አይተውህም። ስለዚህ ስድስት ጊዜ የተባልኩትን በቀን አንድ ጊዜ፣ ከቅዳሴ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት አደረግኩት። ማታ ማታ ደግሞ የጌጡን አረቄ አከልኩበት።

በሦስተኛው ቀን ሕመሙ መጣ። ጥርሱ ሳይነቀል የነበረውን ሕመም አሁን ቢሰጡኝ በምርቃት እቀበለው ነበር። ከጉድጓዱ ተነስቶ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፣ በጆሮዬ በኩል ወደ ግንባሬ ይወጣል፤ ከዚያ ደግሞ አንገቴን ይዞ ይወርዳል። ጆሮዬን ስለወጋኝ ጆሮ ነው ብዬ መድኃኒት ከሚሸጥ አንድ ጡረተኛ ወታደር ዘንድ ሄድኩ። ጉንጬን ሳይነካ ጆሮዬን በባትሪ አየና "ቆስሏል" ብሎ የጆሮ ጠብታ ሸጠልኝ። ጠብታው ምንም አላደረገልኝ፤ ጆሮዬን ብቻ አቀዘቀዘኝ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ምች ነው አለች፤ ወፍጮ ቤት ላብ ላብ እያለህ ወጥተህ ብርድ አግኝቶህ ነው አለች። ዳማከሴ አሽታ ልታጠጣኝ ስትል እናቴ "በአፍ አይሆንም፤ በአፍንጫው ይግባ" አለች። በአፍንጫዬ ጨመቁብኝ። ዓይኔ እስኪጠፋ አስነጠስኩ። ማስነጠሱ መንጋጋዬን እንዴት አድርጎ እንዳናጋው አልነግራችሁም።

ከዚያ ሽታው መጣ። ከራሴ አፍ የሚወጣ የበሰበሰ ነገር ሽታ። ትንሿ ልጄ ልስማት ስጠጋ ፊቷን አዞረች። ትርንጎ ለእናቴ የምታቀርበውን መሶብ ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ማስቀመጥ ጀመረች። እናቴም ትርንጎን "ልጄ" ማለት ተወች። ሁለቱም የሚፈሩት ለእኔ ነበር፤ ግን አንዷ ውሃውን፣ አንዷ ጾሙን ይዛ እኔን በመሃል አደረጉኝ። እኔም ፈሪ ነኝና ለማንም አልቆምኩም።

በአምስተኛው ቀን ወፍጮ ቤት ነኝ። ሞተሩ ሲሠራ ሰው የሚሰማው ስትጮህ ብቻ ነው፤ ተረኛዋን ሴትዮ "አምጪ!" ልላት አፌን ስከፍት አልከፈት አለ። ደግሜ ሞከርኩ። ገና ሲከፈት የሆነ ነገር ያዘው። ከሞተሩ ጀርባ ዞሬ ጣቶቼን በጥርሶቼ መሃል አስገባሁ፤ ሁለት ጣት በጭንቅ ገባ። ጤነኛ ሰው ስንት ጣት ያስገባል ብዬ ጌጡን በምልክት አስገብቶ እንዲያሳየኝ አደረግኩት፤ እሱ እየሳቀ ሦስት አስገባ። ወደ ማታ ስሞክር የገባልኝ አንድ ጣት ነው።

ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ ደረሰብኝ። ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። የታከለ ዓይን ፊቴ መጣ። ማንኪያው ጥርሱን ሲፍቅ የነበረው ድምፅ ሞተሩ እየጮኸ ሳለ ተሰማኝ። ነገ ጀርባዬ ይለጠጣል፣ ከነገ ወዲያ እናቴ ሁለተኛ ልጇን ትቀብራለች፣ ትርንጎ ሁለት ሕፃን ይዛ ትቀራለች አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ወደ ቤት የገባሁት ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ ነው።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ መልስ ማዕድ ቀረበ። ጥርሴ ያማል ብዬ ጥግ ይዤ ነበር። እናቴ ግን አልበላህም ብላ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልላ ጉርሻ ዘረጋችልኝ። የእናት ጉርሻ አይመለስም። አፌን ልከፍት ሞከርኩ። ጉርሻው ጥርሴ ላይ አረፈ፣ ግን አልገባም። እናቴ ትንሽ ገፋችው፤ ከዚያ እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ሽሮው በጣቷ ወደ ክንዷ ወረደ። ፊቴን አላየችም፤ ጥርሴን ነበር የምታየው። ትርንጎ "ምን ሆነ?" አለች።

እናቴ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መልሳ ተነሳች። ነጠላዋን ለበሰችና ወደ ቀበሌ ሄደች። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ ከተማ መሄድ የለም፤ ለማግኘትም፣ እኔን ጥርሴን ላስነቅል ስሄድ እንዳደረጉኝ፣ ሦስት አራት ቀን ያመላልሳሉ። እንዴት እንዳደረገች አላውቅም፤ ሳይመሽ የሁለታችንን ወረቀት ማኅተም አስመትታ ተመለሰች። ትርንጎ በኋላ እንደሰማችው የሊቀመንበሩ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ "ከዚህ የምነሳው በወረቀት ወይ በቃሬዛ ነው" ብላ ነበር።

ንጋት ላይ በጭነት መኪና ተሳፈርን። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። መኪናው ሲናጥ መንጋጋዬን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ኬላው ጋ ስንደርስ ሁላችንንም አወረዱን። አንድ ወጣት ወታደር ወረቀቴን ተቀብሎ "ስምህ ማነው?" አለኝ። በጥርሴ መሃል የሆነ ነገር አጉረመረምኩ። "አፍህን ክፈትና ተናገር!" አለ። ከበስተኋላው የነበረውም ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ፊቱን የሸፈነ፣ ስሙን የማይናገር ሰው በዚያ ዘመን ምን ሊሆን እንደሚችል እነሱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። በሽታው ሳይጨርሰኝ እዚሁ ቀረሁ አልኩ።

እናቴ በመሃላችን ገባች። "ልጄ መንጋጋ ቆልፍ ይዞት ነው" አለች። "ስሙ ይርጋ ነው። ወንድሙም በዚሁ ነው የሞተብኝ። አሁን እንግዲህ ከገደላችሁትም ግደሉት፤ ካልሆነ አሳልፉኝ፣ አምላክ ያሳልፍላችሁ።" ወታደሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ወረቀቱን መለሰላትና በእጁ እለፉ አለ። የበሽታውን ስም ከእናቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከጠመንጃው ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነበር፤ እሷ ከጠራችው በቃ አበቃ አልኩ።

ዳባት ጤና ጣቢያ ስንደርስ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል። ሰው ከዝናቡ ሸሽቶ ግድግዳ ግድግዳውን ቆሟል። አንዲት ባልቴት ፊቴን አይተው ሳይጠይቁ ጠጋ አሉና ቦታ ሰጡኝ፤ የጋቢያቸውንም ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ያን ቀን ካየሁት ደግ ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነበርና እንባዬ መጣ። ተራዬ እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። አንድ ጣት። አሁንም አንድ ጣት። በየደቂቃው እለካ ነበር።

አቶ ፈንታ ሲያዩኝ አወቁኝ። እናቴ ገና "መንጋጋ…" ስትል በእጃቸው ዝም በሉ አሏትና አንገቴን ወዲያ ወዲህ አጠፉት። ይታጠፋል። አስተኝተው ሆዴን ተጫኑት። ልስልስ ነው። ጉልበቴን አጠፉ፣ ዘረጉ። ውሃ በማንኪያ ሰጥተው "ዋጥ" አሉኝ፤ ዋጥኩ።

"አይደለም" አሉ።

እኔም እናቴም አልገባንም።

"መንጋጋ ቆልፍ አይደለም እማማ። እሱ ቢሆን አንገቱ እንጨት ይሆን ነበር፣ ሆዱም ድንጋይ። ይህ ጥርሱ የተነቀለበት ጉድጓድ ባዶ ቀርቶ አመርቅዞ፣ የመንጋጋው ሥጋ ተቆጥቶ ነው አልከፈት ያለው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "በምንድን ነው የተጉመጠመጥከው?"

በአንድ ጣት ክፍተት እውነቱን ተናገርኩ። አረቄውን፣ የጌጡን ምክር፣ በቀን አንዴ የሆነውን ጨው ውሃ። አቶ ፈንታ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ ክዳን ሠርቼ ሰደድኩህ፤ አንተ በአረቄ ከፍተህ ጣልከው" አሉ። ለብ ያለ የጨው ውሃ በትልቅ ስሪንጅ ሞልተው ጉድጓዱን ደጋግመው አጠቡት። የወጣውን አልነግራችሁም። ፋሻ ቆርጠው በቅርንፉድ ዘይት ነክረው ወተፉበት። አራት ቀን ሙሉ ያላቆመው ሕመም አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ለቀቀኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ፔኒሲሊን ወጉኝና "ከነገ ጀምሮ የጨው ውሃ በየሁለት ሰዓቱ" አሉ። "ጠዋትም፣ በቅዳሴ ሰዓትም። አፍህንም በጣትህ እያሠራህ ትከፍተዋለህ፤ ሦስት ጣት እስኪገባ።"

እናቴን አየኋት። ነጠላዋን ታስተካክላለች። ልንወጣ ስንል ግን በሩ ላይ ተመለሰች።

"አንቱ ሐኪም፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ትልቁ ልጄን… እሱን እውነተኛው ነው የያዘው። በጾም ወተት ሰጥቼው ሞተብኝ።"

አቶ ፈንታ እጃቸውን መታጠብ አቆሙ። "ወተቱን የሰጡት አፉ ከተቆለፈ በኋላ ነው በፊት?"

"በኋላ ነው። ሌላ ምን ይግባለት።"

"እንግዲያው እማማ፣ በሽታው በመጥረቢያው ቁስል ገብቶ ጨርሷል። ወተቱ ምንም አላመጣበትም። ያን ወተት ባይሰጡት ኖሮ የሚለየው ተርቦ መሞቱ ብቻ ነበር።"

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። "ተርቦ" አለች። እስከ ደባርቅ ድረስ፣ ኬላውም ላይ፣ ነጠላዋን ከአፏ አላወረደችም።

በማግስቱ ጠዋት የቅዳሴው ደወል ሲደወል ተኝቼ እሰማለሁ። የተባልኩት ሰዓት ደርሷል፤ ውሃ አሙቁልኝ ለማለት ግን ድፍረት አጣሁ። ትርንጎም ምድጃው አጠገብ ቆማ እናቴን ታያለች። እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ገባች፤ በእጇ ጣሳ አለ፣ እንፋሎቱ ይታያል። ትንሿን ጣቷን ነክራ ሙቀቱን ሞከረች።

"ተነስ፤ በአፍህ ያዘው" አለችኝ። "እንትፍ እንዳትል ብሏል። እኔ እቀበልሃለሁ።"

ከአገጬ ሥር ሳህን ይዛ ራሴን በሌላው እጇ ዘንበል አደረገችልኝ። ውሃው ፈሰሰ። ለትርንጎ "ልጄ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንቺ ስጪው" ብላ ወደ ቅዳሴዋ ሄደች። ትርንጎ ወደ ምድጃው ዞራ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ከዚያ በኋላ መዳኔ ቀስ እያለ ነው የመጣው። ፍርሃቱም በአንድ ጊዜ አልለቀቀኝም፤ እንቅልፍ ሲወስደኝ መንጋጋዬ የተዘጋ እየመሰለኝ እባንን ነበር። ጉድጓዱን ለማጠብ ሁለት ጊዜ ዳባት ተመላለስኩ። አንድ ጣት አንድ ተኩል ሆነ፣ ከዚያ ሁለት። ሽታው ጠፋ፣ ልጄም ተሳመችልኝ። ጌጡ ሊጠይቀኝ መጥቶ ጠርሙስ ከጋቢው ሥር ሲያወጣ እናቴ "እሱን ለሞተርህ አጠጣው" ብላ በሩን አሳየችው። እንግዲህ እናንተም ጥርስ ስታስነቅሉ የመጀመሪያውን ቀን አፋችሁን ተዉት፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃና ጨው ይበቃል። የሚያቃጥል ሁሉ አያድንም። አፋችሁ አልከፈት ካለም ከሰው አትደብቁ፣ ከእናታችሁም ቢሆን።

ፍልሰታ በተፈታ ቀን ጠዋት እናቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና "ክፈት" አለችኝ። የራሷን ጣቶች አስገባች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ወጥታ በብርጭቆ ወተት ይዛ ተመለሰች። ተቀብያት ግማሹን ጠጣሁ። መልሼ ስሰጣት ብርጭቆውን ይዛ ትንሽ ቆየች፤ "ለታከለ" አለችና የቀረውን ራሷ ጠጣችው።